ስለ እራት የተጠየቀችው ሟች

«መስኮትሽን ዝጊው፣ ነፋስ እንዳይገባ፣
ደጅሽን ግን ተዪው…»

ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውም። ድሮ ታውቀው ነበር፤ አንድ ቀን ከአፏ ወድቆ ጠፋባት። ስለዚህ እዚያ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉረዋለች። ዜማው ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ወዲያ ወዲህ ይልና፣ ሲያጣ ጊዜ ተመልሶ ከመስኮቱ ይጀምራል። እሷም በዜማው ልክ ውሃውን በጆግ ትቀዳለች፣ ታፈሳለች፣ በስፖንጅ ትጠርጋለች።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ማዶ፣ ግድግዳው ሁሉ ነጭ ሰድር የሆነ አንድ ክፍል አለ። እዚያ አስከሬን የምታጥበው እሷ ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሎሚት ነው የሚሏት። ሥራዋን ስትጨርስ አንድ ሎሚ ለሁለት ትገምስና መዳፏን፣ የጣቶቿን መሐል፣ የጥፍሮቿን ሥር አሽታ አሽታ ትታጠባለች። በኮሪደሩ ስታልፍ ከመልኳ ሽታዋ ይቀድማል። አፉ የማያርፈው ዘበኛ ባያት ቁጥር፣

«ሻይ ልታፈላልን መጣች ደግሞ!» ይላል።

«ላንተማ ቀንህ ሲደርስ በደንብ አድርጌ አሽሃለሁ» ትለዋለች። ይስቃል፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ይቋረጣል።

ሙያውን ያስተማሯት አሁን ጡረታ የወጡ አንዲት አሮጊት ናቸው። እትዬ ትላቸዋለች። እትዬ መጀመሪያ ያስተማሯት አጥበትን አልነበረም፤ ንግግርን ነበር። ሟች ምን እንደሚደረግለት ሳይነገረው አይነካም። «አሁን ክንድሽን ላነሳው ነው፣ እናት ዓለም። ውሃ ነው፣ ለብ ያለ ነው። አሁን ወደ ቀኝ ላዞርህ ነው፣ ወንድሜ፣ አይዞህ።» እንዲህ እየተባለ ነው የሚታጠበው። ግን መንገር እንጂ መጠየቅ የለም። «ቀዘቀዘሽ?» አይባልም። «ተመቸህ?» አይባልም። ሎሚት ያኔ አዲስ ነበረችና ለምን ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ ፎጣውን እየጨመቁ፣

«የተጠየቀ ሰው ይመልሳላ!» አሏት። ሌላ አልጨመሩም። እሷም ሌላ እንዲጨምሩ አልፈለገችም።

ሎሚት አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ገና ተማሪ ሳለች አባቷ ሞተ። ሎሚት ባሏን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፌ አልሰጥም ብላ ራሷ አጠበችው። ያን ዕለት ቤት ገብታ ለልጇ እንቁላል ጠበሰች፤ ዳቦ ቆርሳ አጠገቡ አስቀመጠች። ልጅቱ ሳህኑን አየች። ከዚያ የእናቷን እጅ አየች።

«ጠግቤያለሁ» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእናቷ እጅ የወጣ ነገር በአፏ ዞሮ አያውቅም። ጸብ ቢሆን ይታረቁ ነበር፤ ጸብ አይደለም። ልጅቱ እናቷን ትስማለች፣ ታቅፋለች፣ ጫማ ትገዛላታለች። ምግብ ሲቀርብ ብቻ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች፤ በልታም ትመጣለች። አድጋ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ፣ ይህን ሳምንት ለስልጠና መጥታ እናቷ ቤት አርፋለች። በየማታው የታሸገ ብስኩትና እርጎ በቦርሳዋ ይዛ ትገባለች። ሎሚት ልጇን ላለማስጨነቅ ብላ የራሷን እራት ኩሽና ውስጥ፣ እቃ ማጠቢያው ላይ ደገፍ ብላ ቆማ ትበላለች። በበሩ ስንጥቅ የልጇን ትከሻ ታያለች። ልጇ ነገ ጠዋት ትሄዳለች። የቀራቸው አንድ እራት ነው። ሎሚት ከዓለም የምትፈልገው ነገር ቢኖር፣ ልጇ ከእጇ አንዴ ስትጎርስ ማየት ብቻ ነው።

ይህን እያሰበች ነው እንግዲህ የዛሬዋን ሟች ስታጥብ ያረፈደችው።

ሴትዮዋ በዕድሜ የሷ እኩያ ትሆናለች። ሌሊቱን ከቤቷ፣ ከአልጋዋ ላይ ነው ያመጧት። ግራ እጇ ከቀኟ ይሻክራል፤ ግራኝ ነበረች ማለት ነው። በግራ አንጓዋ ላይ ትንንሽ የደበዘዙ ነጠብጣቦች አሉ፤ የመጥበሻ ዘይት የፈነጠቀባት ቦታ። ሎሚት የሰው ገላ ታነባለች፤ ይህቺን ሴት ገና ከእጇ ወደደቻት።

«አሁን ጣቶችሽን ነው፣ እናት ዓለም» አለቻት። ደግሞ ወደ ዘፈኗ ተመለሰች። መስኮቱ አለፈ፣ ነፋሱ አለፈ፣ ደጁ ጋ ደረሰች። ዛሬ ቃሉን ካላገኘሁ ብላ ፈለገችው፤ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ስትፈልገው ሐሳቧ ከክፍሉ ወጣ፣ ቤቷ ሄደ፣ ኩሽናዋ ገባ፣ ባዶውን መጥበሻ አየ። አጥር ላይ ተደግፋ ከጎረቤቷ ጋር እንደምታወራ ሴት፣

«ለልጄ ዛሬ ምን ልሥራላት?» አለች።

እጇ ባለበት ቆመ።

ሲንጠባጠብ የኖረው ቧንቧ ዝም አለ። የሴትዮዋ ፊት እንደነበረ ነው፤ የተነቃነቀ ነገር የለም። ግን አንድ ሰው ተጠይቆ መልሱን በልቡ ሲያዘጋጅ የሚሆነው ዝምታ አለ አይደል? ያ ዝምታ ነበር ክፍሉን የሞላው።

«ይቅርታ፣ እናት ዓለም። ላንቺ አልነበረም» አለች ሎሚት። ድምጿ ሰድሩ ላይ ሄዶ ተመለሰ። የቀረውን አጥባ፣ አድርቃ፣ አልብሳ ጨረሰች። እንደልማዷ ሎሚ ገምሳ እጇን አሸች። ከዚያ አሸተተችው። ቀኟ ሎሚ ሎሚ ይላል። ግራዋ ግን ቅቤ ቅቤ አላት፤ መጥበሻ ላይ ቀልጦ ቡናማ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቅቤ። ሌላ ሎሚ ገመሰች። እንደገና አሸች። ቅቤው አለቀቃትም።

ከሥራ ስትወጣ ፓስታ ገዝታ ልትገባ ነበር። እግሯ የዓሣ ሱቁ በር ላይ ጣላት።

«ማዘር! ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?» አላት ዓሣ ሻጩ፤ በፕላስቲክ ሽርጡ ላይ እጁን እየጠረገ።

«እኔ እንጃ» አለች፤ እውነቷን ነው።

ግራ እጇ ተነሳ። በበረዶው ላይ ከተደረደሩት ስስ ፊሌቶዎች አንዱን በሁለት ጣት ጫን አደረገ፣ ተወው፣ ሌላውን ጫን አደረገ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ሦስት መርጦ ወደ ጎን አደረገ። ሎሚት በሰው ሥራ እንደምትገረም ሆና ታየዋለች።

«አይ ማዘር፣ አንቺስ ከየት የመጣሽ ሙያተኛ ነሽ!» ሳቀ ዓሣ ሻጩ። «እንዲህ እየገለበጠች የምታሰቃየኝ አንዲት ደንበኛ ብቻ ነበረችኝ። እሷም እንዳንቺ ግራኝ ናት። ያለወትሮዋ ዛሬ ቀረች። አሟት ይሆን?»

ሎሚት የተጠቀለለውን ዓሣ ተቀበለች። «ደህና ዋል ልጄ» አለችው። ሌላ ምን ትበለው?

ቀጥሎ ባለው ሱቅ ደግሞ እጇ ከመደርደሪያው ላይኛ ረድፍ፣ ከቲማቲም ቆርቆሮዎቹ ጀርባ፣ አይታው የማታውቀውን አንድ ትንሽ ጠርሙስ ጎትቶ አወጣ። ውስጡ በጨው ውሃ የተዘፈዘፉ፣ ሽምብራ የሚያህሉ አረንጓዴ ነገሮች ሞልተዋል። ወረቀቱ ላይ ኬፐር ይላል።

«ይሄ ምንድነው የኔ ልጅ?» አለቻት ሒሳብ የምትቀበለውን።

«የአበባ እምቡጥ ነው ይላሉ፤ ሳይፈነዳ ለቅመው ነው የሚዘፈዝፉት። ለዓሣ ይሆናል። ሳያውቁት ነው እንዴ ያነሱት?»

«እጄ ነው ያነሳው።»

ልጅቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሎሚት ግን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ለመፍካት አንድ ጠዋት የቀራቸው፣ ያንን ጠዋት ያላዩ እምቡጦች። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነው። ዓይን የጨፈነ ነገር ደግሞ ታውቃለች። ደረቷ ላይ አቅፋው ሄደች።

ቤት እንደገባች ለእትዬ ደወለች።

«እትዬ፣ ጠየቅኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ለእራት ምን ልሥራ ብዬ።»

«አይ አንቺ! ከጥያቄው ሁሉ መርጠሽ ይሄን? የሞተ ሰው የሚቆጨው እኮ ያልደረሰበት እራት ነው! መለሰችልሽ?»

ሎሚት ስልኩን በቀኟ እንደያዘች ወደታች አየች። «ግራ እጄ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ ነው።»

እትዬ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «በይ ስሚኝ። አትከልክያት፣ ትሥራ። ጨርሳ ትሄዳለች። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ የሷን ሥራ የኔ ነው ብለሽ ለሰው እንዳታቀርቢ። የማን እንደሆነ ሳትናገሪ ሰው አንዴ ከጎረሰ፣ እጅሽ ላይ ትቀራለች። ምን ታድርግ፣ ባለቤት የሌለው እጅ ያገኘች ይመስላታል።»

«የምትበላው እኮ ልጄ ናት፣ እትዬ።»

«እሱን ስለማውቅ ነው የምነግርሽ» አሉና ዘጉት።

ሎሚት ቆማ ቀረች። ዝም ብትል ልጇ ልትበላ ትችላለች፤ እጇ ግን የሷ አይሆንም። ብትናገር እጇ ይመለሳል፤ ልጇ ግን፣ በአስከሬን አጣቢ እጅ ያልበላች ልጅ፣ አስከሬኑ ራሱ የጠበሰውን ትበላለች? ማን ይበላል?

እጁ ግን አልጠበቃትም። ፊሌቶውን በንጹህ ፎጣ መታ መታ እያደረገ አደረቀ፤ ሎሚት ሟቾቿን በምታደርቅበት ለስላሳ አነካክ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰ። ነጭ ዱቄት ላይ አንከባሎ ትርፉን አራገፈ። ዘይቱ እስኪግል ጠበቀ፣ ጥቂት የገበታ ቅቤ ጣለበት፣ አረፋው ዝቅ ሲል ሁለቱን ፊሌቶ እንዳይረጫት ከሷ ወዲያ አጋድሞ አስተኛቸው፤ ሦስተኛው አልበቃ ብሎ መክተፊያው ላይ ቀረ። መጥበሻው ተንጫጫ። ቀኝ እጇ ቶሎ ሊገለብጠው መገልበጫውን ሲያነሳ፣ ግራው ያዘው። ልክ እንዲህ፣ አንጓዋን ለቀም አድርጎ። ቆይ፣ የሚል አያያዝ ነበር። በሕይወቷ አንዱ እጇ ሌላውን ሲቆጣ አይታ አታውቅም።

ጠርዙ ነጣ። ገለበጠው፤ እንደ ወርቅ ሆኗል። ሲበስል አውጥቶ ሳህን ላይ አጋደመው። በዚያው መጥበሻ ነጭ ሽንኩርቱ ገባ፣ ወዲያው ሎሚው ተጨመቀበት። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት ሎሚት ዓይኗን ጨፈነች። ሎሚ ለሷ ሽታ ማጥፊያ ነበር፣ ስንት ዘመን። ዛሬ ሽታ ሲሆን፣ ሲጣራ፣ ቤቱን ሲሞላ ሰማችው። ኬፐሩ ተከተለ፤ ከሙቀቱ የተነሳ አንዳንዱ እምቡጥ ጫፉ ተከፈተ። ከጨው ውሃው አንድ ማንኪያ፣ ከቅቤው ሌላ ቁራጭ፣ መጥበሻውን ክብ ክብ ማዞር፣ በመጨረሻ የተከተፈ የፐርሰሜሎ ቅጠል። ያን ጊዜ የውጪው በር ተከፈተ።

«እማዬ፣ መጣሁ። በልቼ ነው የመ…»

ልጅቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አንድ ጫማዋን አውልቃለች፤ አንዱ እግሯ ላይ ነው።

«ምንድነው የሸተተኝ?»

«ዓሣ ነው» አለች ሎሚት።

ልጅቱ በአንድ ጫማ እያነከሰች ኩሽና ገባች። እናቷ ሶሱን በዓሣው ላይ ስታፈስ አየች። «እንዴ፣ ዛሬ ግራኝ ሆንሽ?» ብላ ሳቀች። ከዚያም ወንበር ሳበች። ተቀመጠች። ሹካ አነሳች። ስንት ዓመት ሙሉ የተለመነ ነገር፣ እንዲህ ዝም ብሎ፣ እንደማንኛውም ማታ ሆነ።

«ከየት ተማርሽው ግን?»

ሎሚት አፏን ከፈተች። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ተኝቷል፤ ውሸትም አይደል፣ «ሥራ ቦታ አንዲት ሴት አሳየችኝ» ብትል ማን ይከሳታል? ልጅቱ ከዓሣው በሹካዋ ቆርሳ ወደ አፏ ማንሳት ጀመረች። የሎሚት ግራ እጅ ተዘረጋ። ቀስ ብሎ የልጅቱን ፀጉር ከፊቷ ሰብስቦ ከጆሮዋ ኋላ ሰካው። ይህን ሎሚት አድርጋው አታውቅም። የልጇን ፀጉር የምታስተካክልበት የራሷ ልማድ አላት፤ ከግንባሯ ወደኋላ ነው። ይህ የሌላ ሴት፣ የሌላ ልጅ እናት እጅ ነው። ልጅቱም አላወቀችም፤ ጉንጯን ወደ መዳፉ ዘንበል አደረገች።

ቅናት ይሁን ፍርሃት፣ ሎሚት አልለየችውም።

«አትብዪው!» አለች።

ሹካው አየር ላይ ቆመ።

«የኔ ሥራ አይደለም፣ ልጄ። ዛሬ አንዲት ሴት አጠብኩ። ሳላስበው ለእራት ምን ልሥራ ብዬ ጠየቅኳት። የጠበሰችው እሷ ናት። በኔ እጅ፣ ግን እሷ ናት። እያበድኩ እንዳይመስልሽ።» ስትጨርስ ግራ እጇ ከልጅቱ ጉንጭ ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ የተኙበት እጅ ሲነቃ እንደሚያደርገው ሁሉ ከትከሻዋ እስከ ጥፍሯ ንዝረት ወረራት። ኩሽናው ቀለል አለ፤ አንድ ሰው ተነስቶ የወጣ ያህል።

ልጅቱ ሹካዋን አስቀመጠች። ተነስታ ትሄዳለች ብላ ሎሚት ጠበቀች። ሳህኑን ተመለከተች ልጅቱ፤ ደግሞ የእናቷን እጅ።

«ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

ስለ ሥራዋ ጠይቃት አታውቅም። ሎሚት ስለ አንጓዋ የዘይት ጠባሳ፣ ስለ ሻካራ እጇ፣ ስለ ዓሣ ሻጩ ደንበኛ ነገረቻት። ልጅቱ ጣቷን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እያስኬደች ሰማች።

«አባዬንም እንዲህ ታወሪው ነበር?»

«እንዴት ዝም እለዋለሁ?»

«ሰምቼሻለሁ እኮ» አለች ልጅቱ። «ያን ቀን ከማጠቢያው ክፍል በር ኋላ ነበርኩ። ‹አሁን ክንድህን ላነሳው ነው› ስትዪው። ድምፅሽ ቤት ውስጥ እንደምታወሪው ነበር። የሚመልስልሽ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ማታ እንቁላሉን ስታቀርቢልኝ… እጅሽን ተጸይፌ አይደለም፣ እማዬ። መልሶልሽ እንደሆነ ፈራሁ። እጅሽ ላይ አባዬ ያለ መሰለኝ።»

ሎሚት እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አሁን እጅሽ ያንቺ ነው?»

ግራ እጇን አንስታ ገለበጠችው፤ ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች። አሸተተችው። ሎሚ ነው፣ በቃ። «የኔ ነው።»

«እንግዲያው ያንን ራስሽ ጥበሺልኝ» አለች ልጅቱ፣ በአገጯ መክተፊያው ላይ ወዳለው ፊሌቶ እያመለከተች።

ሎሚት መጥበሻው ፊት ቆመች። ምንም አታውቅም። ከደቂቃዎች በፊት በገዛ እጇ የተሠራው ሁሉ ጠፍቶባታል። ዱቄቱን አበዛችው። ዘይቱ ሳይግል አስገባችው፤ ያዘባት። ስትገለብጠው ለሁለት ተሰበረ። ሎሚውን ስትጨምቅ ፍሬው አብሮ ገባ። ኬፐሩን በእፍኟ ጣለችበት። የሆነውን ነገር በአካፋ እንደሚታፈስ ሳህን ላይ አወጣችው።

ልጅቱ ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች።

ሎሚት የመጥበሻውን እጀታ ጨብጣ ቀርታለች፤ ማቃጠሉ አልተሰማትም።

«ጨው በዝቶበታል።»

«አውቃለሁ።»

«እ! የሎሚ ፍሬ።» ልጅቱ ከጥርሷ መሐል አውጥታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ሞልቷል፤ ትስቃለችም። እንደገና ጎረሰች፤ እንደተራበ ሰው፣ ቀና ሳትል። «ምነው ታዲያ ቆመሽ ታዪኛለሽ? ቁጭ በይ እንጂ እማዬ፣ አፌ ውስጥ ልትገቢ ነው!»

ጠረጴዛው ላይ ያ ሌላው ሳህን አለ፤ ሁለቱ ወርቃማ ፊሌቶ፣ ሶሱ ዙሪያውን እየረጋ። የጠየቀችው ራሷ ናት፤ መልሱን ሳይበላ መጣል ነውር መሰላት። ሽርጧን ፈታች። ወንበሩን ሳበችና ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ በቀኝ እጇ ሹካ ይዛ ጫፉን ቆረሰች።

ቅርፊቱ ተሰበረ፤ ውስጡ እንደ ጥጥ ነው። መጀመሪያ ሎሚው መጣ፣ ከዚያ ቅቤው፣ ከዚያ አንዲት ኬፐር ጥርሷ ላይ ፈነዳች። በዚያች ጨዋማ ቅጽበት አይታው የማታውቀው ኩሽና ታየት፤ ሰማያዊ መጋረጃ፣ እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ፣ ጀርባውን የሰጣት፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው። ሰውየው ቀና ሊል ሲል ዋጠችው፤ ጠፋ።

«እንዴት ነው?» አለች ልጅቱ።

«ይጣፍጣል» አለች ሎሚት፤ ሌላ ቆረሰች።